የተጸውዖ ስም በኦሞ ዳር

በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በመጋቢት ወር፣ ሣሙኤል ቴሌኪ የተባለው የሃንጋሪ መስፍን ከኦስትሪያዊው የባሕር ኃይል መኮንን ከሉድቪግ ፎን ሆኔል ጋር ከደቡብ ሲጓዝ ከርሞ የኦሞ ወንዝ ከሚገባበት ታላቅ ሐይቅ ዳር በደረሰ ጊዜ፣ ዳሰነችና ቱርካና ሌሎችም የዳርቻው ሕዝቦች እያንዳንዳቸው በየልሳናቸው ሲጠሩት የኖሩትን ውሃ ስም እንደሌለው ፍጥረት ቈጥሮ በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ በሩዶልፍ ስም ሰየመው፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከሐመር ምድር በስተምሥራቅ የተዘረጋውን ጨው ባሕርን በአልጋ ወራሹ ሚስት በስቴፋኒ ስም ጠራው። ልዑሉ ሐይቁን በዓይኑ አላየውም፤ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ1889 በጥር ወር ሞተ። ስሙ ግን ኬንያ በ1975 ‹ቱርካና› ብላ እስክትለውጠው ድረስ 87 ዓመት በካርታ ላይ ሰፍሮ ኖረ።

ይህ ሩዶልፍ የተባለው ስም በተወለደበት አገር ሐሰተኛ ስም አይደለም። አንደኛው ዝናን፣ ሁለተኛው ተኩላን ከሚያመለክቱ ሁለት ጥንታውያን ሥሮች የተገጣጠመ፣ በመካከለኛው ዘመን በጀርመን አገር መስፍኑም ባላገሩም ሲጠራበት የነበረ፣ በ1273 ለንጉሥነት የተመረጠው የሐብስቡርግ ሩዶልፍም የታወቀበት ትክክለኛ ስም ነው። ወደ ኦሞ አፍ ሲመጣ ፊደሉ አልተለወጠም፣ ድምፁም አልተዛባም፤ ነገር ግን ከራይን ወንዝ ዳር እውነተኛ የነበረው ስም ከዚህ ሲደርስ እውነቱን አጣ፤ ከብቱን ከዚያ ውሃ የሚያጠጣ እረኛ በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅምና። ታዲያ የስም እውነተኛነት በምን ይታወቃል? በጥንታዊነቱ ነውን? በመዝገብ በመጻፉ ነውን? ወይስ ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ሌላ ምስክር አለው? ይህን ጥያቄ በጂንካ ተቀምጦ የሚያስብ ሰው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም፤ በደቡብ ኦሞ ሰው በአንድ ስም ብቻ ተጠርቶ የሚኖርበት ዘመን ገና አልመጣምና።

የጀርመን ሊቃውንት የራሳቸውን የጥንት ስሞች በጽኑ ሐቲት መርምረዋል። በ1846 የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ፣ በያዕቆብ ግሪም አሳሳቢነት፣ የጥንት ጀርመናውያንን ስሞች ሰብስቦ ለሚያቀርብ ሊቅ ሽልማት አወጀ፤ ኤርንስት ፎርስተማን ይህን ሥራ በትከሻው ተሸክሞ የሰዎችን ስሞች የያዘውን ታላቅ መጽሐፍ በ1856 አሳተመ። ከእርሱ በኋላ አዶልፍ ሶሲን በ1903 በባዝል ባሳተመው መጽሐፍ፣ በላይኛው የራይን አገር በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፉ ሰነዶችን እየፈተሸ ስሞችንና ቅጽል ስሞችን በየወገናቸው አሰናዳ። ምንጮቻቸው የርስት ደብዳቤዎች፣ የግብር መዝገቦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዳማት መጻሕፍት ነበሩ፤ ለምሳሌ በራይኸናው ገዳም በ9ኛው መቶ ዘመን መጻፍ የተጀመረው የጸሎት መዝገብ፣ መነኮሳቱ በቅዳሴ ጊዜ የሚያስቧቸውን የሕያዋንና የሙታን ስሞች፣ ከ38,000 በላይ የሚሆኑትን፣ በዓምድ በዓምድ ጠብቆ አቆይቷል። በእኛም ዘንድ ካህናት በወንጌሉ ኅዳግ የርስትን ነገር ከነምስክሮቹ ስም ሲጽፉ መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የእነዚህ ሊቃውንት ሕግ ጥብቅ ነው፤ ስም ከነዘመኑ፣ ከነስፍራው፣ ከነአጻጻፉ ካልመጣ አይቀበሉትም። ሁለት ጥንታውያን ሥሮችን ገጣጥሞ ለጆሮ የሚጥም፣ ሰዋስውም የማይነቅፈው ስም መፍጠር ለማንም ቀላል ነው፤ ጀርመናውያን ራሳቸው እንዲህ ያደርጉ ነበርና፤ ያውም በልማድ። በፉልዳ ገዳም የተገለበጠ አንድ ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም አያትየውን ሄሪብራንድ፣ አባትየውን ሂልደብራንድ፣ ልጁን ሀዱብራንድ ይላቸዋል፤ አያትየው የያዘው ሥር ወደ ልጅ ልጁ ሲወርድ፣ ሦስቱን በአንድ የዜማ ፊደል ሲያስተሳስር ይታያል። ነገር ግን ሊሆን የሚችል ስምና የነበረ ስም አንድ አይደሉም። በዚያ ስም የተጠራ ሰው መኖሩ ካልተመሰከረ፣ የቱን ያህል ያማረ ቢሆን፣ የቃላት ጥምረት እንጂ ስም አይባልም። እኔ ከዚህ ሕግ ውስጥ ጥብቀቱን ሳይሆን ትሕትናውን እወደዋለሁ፤ ሊቁ በዕውቀቱ ብዛት ለሙታን ስም እንዳያወጣ ይከለክለዋልና።

ነገሩ ይበልጥ የሚበለጽገው ከቅጽል ስም ሲደርስ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የጀርመን ሕዝብ የስም ጎተራ እየጠበበ ሄዶ በአንዲት ከተማ ሃይንሪኮችና ኮንራዶች በበዙ ጊዜ፣ ዮሐንስና ኒቆላዎስ ጴጥሮስም የመሳሰሉ የቅዱሳን ስሞች ገብተው እነርሱም በተራቸው በተደጋገሙ ጊዜ፣ አንዱን ከሌላው መለያ አስፈለገ፤ ስለዚህ ሰው በአባቱ፣ በመጣበት አገር፣ በእጅ ሥራው፣ በቁመቱና በጠጕሩ መልክ፣ በጠባዩም እየተለየ ይጠራ ጀመር። ከዚያም በፊት በገዳማት ውስጥ ይህ የታወቀ ነበር። በቅዱስ ጋለን ገዳም ኖትከር የሚባሉ መነኮሳት ተከታትለው በመነሣታቸው፣ በ912 ያረፈው የዜማ ደራሲ ‹ተብታባው›፣ በ975 ያረፈው ሐኪም ስለ ሥርዐት አጥባቂነቱ ‹ቁንዶ በርበሬ›፣ በ1022 ያረፈው፣ የላቲን መጻሕፍትን ወደ ጀርመንኛ የተረጐመው መምህር ደግሞ ‹ከንፈራሙ› ተባሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያው ስለ ታላቁ ካርል በጻፈው ታሪክ ውስጥ ራሱን ተብታባና ጥርስ አልባ ብሎ ያነሣል። ወንድሞቹ ያወጡለትን ስም በፈቃዱ ተቀብሎ በራሱ እጅ ጻፈው ማለት ነው። ይህ ከሺህ ዓመት በኋላ ለሚያነብ ሰው ልብን ይነካል፤ በብራና ላይ የቀረው የአንድ ሰው ጕድለት ብቻ አይደለምና፤ በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይጠራሩ እንደነበር የሚያሰማ ድምፅ ነው።

በላቲን የሚጽፉት የከተማ ጸሐፍትም ቅጽል ስምን በመዝገብ ሲያስገቡ በፊቱ ‹የሚባለው› የሚል ቃል ያኖሩ ነበር። ሃይንሪክ ብለው የክርስትና ስሙን በራሳቸው ሥልጣን ይጽፋሉ፤ ተከታዩን ግን እኛ አላልነውም፣ ጎረቤቶቹ የሚሉት ነው ሲሉ በታማኝነት ይለያሉ። ከመቶ ዓመታት በኋላ ያ ትንሽ ቃል ከመዝገቡ እየጠፋ ሄደ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ወፍጮ ባይኖረውም ‹ሚዩለር› ተባለ፣ የአንጥረኛው የልጅ ልጅም መዶሻ ሳይጨብጥ ‹ሽሚት› ሆነ። ቅጽል ስሙ ከሰው አፍ ወጥቶ የቤተ ዘመድ ርስት ሆነ፤ ጠሪው ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ጀርመናዊው ዛሬ የአያት ቅድመ አያቱን ጎረቤቶች ፈገግታ ወይም ንቀት በመታወቂያው ላይ ይዞት ይዞራል፤ ማን እንደሳቀ፣ ስለ ምንስ እንደሳቀ ግን አያውቅም።

የጥናቱ መንገድ እስከዚህ ድረስ ከወረቀት ወደ ወረቀት ነው፤ ሌላ ምስክር የለምና። በደቡብ ኦሞ ግን ምስክሩ ገና በሕይወት አለ። ጂንካ የነሪ ወንዝ የሚያልፍባት፣ በአሪ ምድር ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ በቅዳሜ ገበያዋ ከደጋው አሪ፣ ከማጎ ማዶ ሙርሲ፣ ከበስተደቡብ ባና ይገናኙባታል። ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማእከልና ሙዚየም ቆሟል፤ ይህም የማይንትስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኢቮ ሽትሬከር ብዙ የደከሙበት ነው። ከ1970 ወዲህ እርሳቸውና ባለቤታቸው ዢን ላይዳል በሐመር ሕዝብ መካከል ኖረው በ1979 ባሳተሟቸው ሦስት መጻሕፍት ውስጥ፣ ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ የአንድ ሐመር ሰው ቃል ነው። የእኚህን ሰው ስም ቀረብ ብሎ መመልከት ይገባል።

አይከ ተብለው ተወለዱ፤ በአባታቸው በኩል በሪናስ ይባላሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባላምባራስ የሚል ማዕርግ ሰጣቸው፤ መጽሐፉ የሚጠራቸው ግን ‹ባልዳምቤ› እያለ ነው፤ ይህም የቡናማው ከብት አባት እንደ ማለት ነው። አራት ስሞች፣ አራት ጠሪዎች። እናት ለሕፃን የምታወጣው አንድ ነው፤ ትውልድ የሚያወርሰው ሌላ ነው፤ ቤተ መንግሥት የሚሾመው ሦስተኛ ነው፤ አራተኛው ግን ወንድ በእኩዮቹ ዘንድ የሚከበርበት፣ ከበረት የወጣ፣ በአንድ ከብት ጠጕር መልክ የተቀባ ነው። ከብት መዝለልን ፈጽሞ ለአካለ መጠን የደረሰ ሐመር በእንዲህ ያለ ስም የሚጠራው ባለ ማዕርግ ስለሆነ ወይም በመዝገብ ስለ ሰፈረ አይደለም፤ ከብቶቹ ተሰልፈው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚያውቁት ሁሉ ዓይናቸው እያየ ከልጅነት ወደ ጕልምስና ስለ ተሻገረ ነው።

በቦዲ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከመወለድ ይጀምራል። ቦዲዎችን ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩዊ እንደ መሰከሩት፣ ለሕፃኑ በስም አወጣጥ ሥርዐት ከከብት ጠጕር ቀለማትና ንድፎች አንዱ ይሰጠዋል፤ ይህም ሞራሬ ይባላል። ሕፃኑ የሞራሬውን ቀለም የያዘ ጨሌ በአንገቱ ያስራል፤ ሲያድግ ያን ቀለም ያለው በሬ ይመርጣል፣ ያሳምረዋል፣ ይዘፍንለታል፤ በሬው ሲሞትም ኀዘኑ የወዳጅ ኀዘን ነው። ጎረቤቶቻቸው ሙርሲዎችም የሰውን ስም ከከብት መልክ ይቀዳሉ፤ ኦሊኮሮ የሚባል ሙርሲ ‹ጥቁር በሬ› ተብሎ ተጠርቷል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን በ1980 ባወጡት ድርሰት ላይ እንዳስረዱት፣ ለሙርሲ የቀለም ስም ከከብት ተለይቶ የሚታሰብ አይደለም፤ ባለ ቀለም ካርድ አሳይተው ይህ ምን ይባላል ብለው ሲጠይቁ እንዲህ ያለ ከብት የለም የሚል መልስ አግኝተዋል። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ካርዱ ቀለም ነበረው፤ ነገር ግን ያ ቀለም በማንም በረት አልታሰረም፣ ለጥሎሽ አልተሰጠም፣ ማንም አልዘፈነለትም፤ ስለዚህ ሊጠራ አልቻለም። የጀርመኑ ሊቅ ሰነድ የሌለውን ስም አልቀበልም እንዳለ ሁሉ፣ ሙርሲውም በመስክ ያልቆመን ቀለም አልሰይምም አለ። የሁለቱ ሕግ በመሠረቱ አንድ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት አዳም፣ እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ እርሱ ሲያመጣለት፣ ለሁሉም ስም አወጣላቸው፤ የስም ሥልጣን ከሰው ወደ እንስሳ ወረደ። በኦሞ ሸለቆ ይህ ሥርዐት ተገልብጦ የሚታይ ይመስላል፤ ሰው ስሙን ከእንስሳው ይቀበላል። እንዲያውም የተገለበጠ አይደለም ብዬ አምናለሁ። እረኛው በሬውን በመልኩ ይጠራዋል፣ እኩዮቹም እረኛውን በበሬው ይጠሩታል፤ ስሙ ከሰው ወጥቶ በበሬው በኩል አልፎ ወደ ሰው ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ባዶውን አይመለስም፣ ሰውዬው የተንከባከበውን፣ የጠበቀውን፣ ሊሞትለት የተዘጋጀውን ነገር ይዞ ይመለሳል። ጀርመናውያንም ተኩላን፣ ከርከሮን፣ ድብን በስማቸው ውስጥ አስገብተዋል፤ ኤበርሀርት ከከርከሮ፣ በርንሀርት ከድብ፣ ቮልፍጋንግ ከተኩላ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ እነዚያ የሚፈሩትንና የሚያደንቁትን የዱር አውሬ ለልጃቸው ሲመኙ፣ የኦሞ ሰዎች አብሮ የሚያድረውን የቤት ከብት ይሰጡታል። ጀርመናዊው ሕፃን ተኩላ ሳያይ ሩዶልፍ ይባላል፤ የቦዲው ሕፃን ግን ቀለሙን የያዘውን በሬ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ስሙ የሚፈጸምለት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ለሐበሻ አንባቢ ሩቅ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። የእኛ ነገሥታትና መኳንንት በፈረስ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በአንድ ዘመን ሁለት ካሳዎች ተከታትለው ተነሥተው ሁለቱም ዘውድ ጫኑ፤ የኃይሉ ልጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ በፈረሱ አባ ታጠቅ፣ የምርጫ ልጅ ዮሐንስ ተብሎ ሲነግሥ አባ በዝብዝ ተባለ። ምኒልክ በክርስትና ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ አባ ዳኘው ነበሩ፤ ተፈሪ መኰንን በጥምቀትና በዙፋን ስማቸው ኃይለ ሥላሴ፣ በፈረስ አባ ጠቅል ናቸው። አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ብሎ የማያውቅ የለም፤ ጅማ እስከ ዛሬ የአባ ጅፋር አገር ትባላለች። ሸላይ ሲሸልል፣ ፎካሪ ሲፎክር፣ አገልጋይ በጌታው ስም ሲምል የሚያነሣው ይህን ነው እንጂ ቄሱ በጥምቀት ያወጡትን አይደለም። ቄሱ ያወጡት ደግሞ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል፤ በተወለደ በ40 ቀን፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን፣ ከውሃው ሲወጣ የተሰጠው ስም፣ በቍርባን ጊዜና በፍትሐት ላይ ይጠራል፤ ዘመዶቹ ብዙዎች በዕድሜ ልካቸው ሳይሰሙት ይኖራሉ። ባልዳምቤ ሲባል የሚደነቅ ሰው አባ ዳኘው ሲባል የማይደነቅ ከሆነ፣ መደነቁ ከዕውቀት ማነስ እንጂ ከነገሩ እንግድነት አይደለም።

እንግዲህ የአንድ ሰው እውነተኛ ስሙ የትኛው ነው? የሚለው ጥያቄ በራሱ ስንኩል ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ሌሎቹ ጭማሪ ናቸው ብሎ የሚነሣ ሰው ሰውን ያለ ጠሪ ያስበዋል፤ ሰው ግን ያለ ጠሪ አይኖርም። እናቱ ስትጠራው የሚዞረው ሰውና እኩዮቹ በጦር ሜዳ ሲጠሩት የሚዞረው ሰው አንድ ሥጋ ናቸው፤ ነገር ግን የሚዞሩበት ልብ አንድ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ ድል ለነሣው በነጭ ድንጋይ ላይ ተጽፎ የሚሰጠው፣ ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያውቀው ስም ተነግሯል፤ የሁሉን ልብ የሚመረምር ጠሪ ብቻ ሙሉውን ሰው በአንድ ስም ሊጠራው ይችላል። በምድር ያለነው ግን እያንዳንዳችን ከሰውየው የምናውቀውን ቍራጭ ብቻ እንጠራለን፤ የስሞቹ መብዛት የምናውቀው ክፍል መለያየት ነው። ‹ስምን መልአክ ያወጣዋል› የሚለውን ብሂል አከብራለሁ፤ ነገር ግን መልአኩ ሥራውን በአንድ ቀን ጨርሶ የሚሄድ አይመስለኝም፤ ሰውዬው በሕይወት እስካለ ድረስ ከአንደበት ወደ አንደበት ሲዞርለት ይኖራል።

መንግሥት ግን አንድ ስም ይፈልጋል፤ መፈለጉም ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደነገገ፤ ጀርመንን ወደ ሚዩለርና ወደ ሽሚት ያደረሰው መንገድ ለእኛም በሕግ ተጠረገ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን አልሄደበትም፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም አከታትሎ መጥራቱን ቀጠለ፤ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የሚሞላው ቅጽ ይህንኑ ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ሲመጣ፣ የመዝገቡ ክንድ እስከ ማጎ ቆላ ደረሰ። ለሕፃን የልደት ምስክር ወረቀት ማግኘት መብት ነው፤ ያለ እርሱ ትምህርት ቤት፣ ውርስና ፍርድ ቤት ይጠብባታል። ስለዚህ መዝገቡን የሚነቅፍ ቃል ከእኔ አይወጣም። የምለምነው፣ መዝገቡ የሚያውቀውን ስም የሰውየው ሙሉ ስም አድርገን እንዳንቈጥረው ነው።

አንድ የከብት አርቢ ሰው በጠረጴዛ ፊት ቀርቦ ስምህ ማነው ሲባል የሚመልሰው መልስ ጠያቂው ማን እንደሆነ አይቶ ነው። ለጸሐፊ የሚበጀውን፣ በአማርኛ ፊደል ለመጻፍ የሚቀለውን፣ አንዳንዴም በትምህርት ቤት ወይም በክርስትና አባት የወጣለትን ይሰጣል፤ የበሬውን ስም ለእንግዳ አያወጣውም፤ ለምን ያወጣዋል? ያ ስም የሚጠራው በሚዘፍኑለት አፍ ነው። ከኦሞ ማዶ ያሉት ኛንጋቶም የወንዱን ስም ‹ሎ›፣ የሴቷን ‹ና› ብለው ይጀምራሉ፤ ጸሐፊው ግን ፊደሉን አንድ ጊዜ ቢስት ወንዱ ሴት ሆኖ ይመዘገባል፤ የተዛባው ጽሕፈት ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ መርማሪ ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ነው። ከ900 ዓመት በፊት በራይን ዳር የሆነው ይኸው ነበር፤ በላቲን የሚጽፍ ካህን የጀርመኑን አንጥረኛ ‹ፋበር› ብሎ ሲተረጕመው፣ ጎረቤቶቹ የሚጠሩበት ድምፅ በላቲኑ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

በአሪ ምድር የሆነውን ደግሞ መመልከት ያስፈልጋል፤ ጂንካ በአሪ ላይ የተሠራች ናትና። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ሠራዊት አገሩን ይዞ ባኮን የአስተዳደር ከተማ ካደረገ በኋላ፣ ገባሩ በጌታው ዘንድ አዲስ ስም ይዞ ይቆም ነበር፤ ሕዝቡም ራሱ ከውጭ በመጣ፣ አንዳንዴም በሚያዋርድ ስም ሲጠራ ቆየ። ሙርሲ ራሱን ሙን፣ ቦዲም ራሱን ሜኤን ሲል መንግሥቱ በሌላ ስም መዘገባቸው። ቀጥሎ የወንጌል ሰባኪዎች መጥተው የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችን አበዙ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ጂንካዊ ወጣት የስም ተርታ ውስጥ የልጁ ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ የአባትየው ከአማርኛ፣ የአያትየው ከአሪ ልሳን ሆኖ ማግኘት የተለመደ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ሦስት ዘመን ይናገራል፤ ማን ለማን ስም ያወጣ እንደነበር፣ ማንስ በማን ፊት መቆም ነበረበት የሚለውን ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል። እነዚህን ስሞች ሐሰተኞች ናቸው ብሎ ወደ ‹ጥንታዊው› መመለስ ጥናት አይባልም፤ አንድ አባት ልጁን በፍቅር በአማርኛ ስም ከጠራ፣ ልጁም አቤት ካለ፣ ያ ስም የእርሱ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በስተኋላ ያለው የአያት ስም በምን እንደወጣ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት እያለ አለመጠየቅ በደል ነው።

የሴቶችን ነገር ደግሞ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። የመካከለኛው ዘመን የጀርመን መዝገቦች ሴትን ብዙ ጊዜ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ መበለት ብለው ያልፏታል፤ በእኛም አገር የፈረስ ስም የወንድ ክብር ነው፤ ጣይቱን ያህል እቴጌ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብላ ብትከብርም ይህ የብዙ ሴቶች ዕድል አልነበረም። በቦዲ ግን ሴት ልጅም ሞራሬዋን ትቀበላለች። ስለ በሬ ስም የተጻፈው አብዛኛው ወንዶች ለወንዶች የነገሩት ነው፤ እናት ልጇን በጓዳ ምን ብላ እንደምትጠራ፣ ሴቶች በውሃ መንገድ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ሴት መርማሪ ይሻል።

የጂንካ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ከቆመ ወዲህ የአገሩ ልጆች በአገራቸው ለመጠየቅ ችለዋል፤ ሊሠሩ የሚገባቸውን ሥራ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። ስሙን ብቻ ሳይሆን ጠሪውን ይጻፉ፤ በመዝገብ የተጻፈው ይህ፣ እናቱ የምትለው ያ፣ ከብት ከዘለለ ወዲህ እኩዮቹ የሚሉት ሌላ፣ በጂንካ ገበያ የሚታወቅበት ሌላ፤ እያንዳንዱ ከነዘመኑ፣ ከነስፍራው፣ በራሱ ልሳን ድምፅ። ባለ ስሙ እንዲነገር የማይወደው ስም ካለ ይተውለት፤ ምርመራ የሰውን ክብር የሚያስደፍር መሆን የለበትም። በራይኸናው የጻፉት መነኮሳት ጠሪዎቹን ለመጻፍ አላሰቡም፤ ለጸሎት የሚበቃቸው ስሙ ነበርና፤ ስለዚህ ፎርስተማንም ሶሲንም የቻሉትን ያህል ቆፍረው ከአፍ ወደ ጆሮ ያለፈውን ሊያገኙት አልቻሉም። በደቡብ ኦሞ ያ ገና ይገኛል፤ ቢሆንም የበሬ ስም የሚጠሩት ከባለ ስሙ ጋር ያደጉት ብቻ ናቸው፤ የልጅ ልጆች አባባ ይሉታል፣ ቀበሌው በመታወቂያው ይጠራዋል፤ እኩዮቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ያ ስም ሰውዬው ራሱ ሳይሞት ጠሪ ያጣል። ስለዚህ ደብተር ይዞ የሚሄድ ተማሪ አስቀድሞ መቀመጥ ያለበት ከባለ ስሙ ዘንድ አይደለም፤ በመንደሩ ውስጥ በሬውን በዓይናቸው ያዩ፣ ሲዘፈንለትም የሰሙ እኩዮቹ እነማን እንደቀሩ ጠይቆ፣ ከእነርሱ በዕድሜ ከሚበልጡት ይጀምር።